ከመንገድ መሪ እስከ ሳተላይት፦ የደቡብ ጎንደር ካርታ ታሪክ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ በአንበሳሜ ወደ እስቴ፣ በወረታ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ሞተረኛ ዛሬ በስልኩ የሚያቅደው የዚህ አገር መንገድ በየዘመኑ በተለያየ ዘዴ ተለክቷል።

ካርታ ባልነበረበት ጊዜ መሻገሪያውንና የገደሉን መውረጃ የሚያውቀው መንገድ መሪው ነበር። መድፍ ለማሳለፍ ግን እርሱም አልበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ሠራዊታቸው ፊት ፊቱን መንገድ እየጠረገ ነበር የሄደው። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ወደ ጅጣ ሸለቆ የወረደውን ያን መንገድ በኋላ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ተጠቀመበት።

መሬቱን በመሣሪያ ከለኩት ቀደምት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ ነው። ከከፍታ ቦታዎች ማዕዘን እየለካ የአገሩን ቦታዎች እርስ በርስ አያያዘ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ መንግሥትና አሜሪካውያን ቀያሾች የአባይን ተፋሰስ በሦስት ማዕዘን መረብ ሸፈኑ። መረቡ የተነሣው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረው የአዲንዳን ጣቢያ ስለሆነ የቦታ ልኬቱ አዲንዳን ተባለ። የካርታ ሥራዎች ድርጅት የአንድ ለ50,000 ካርታዎች በዚሁ ልኬት ወጡ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር የምድርን ከፍታ በራዳር ለካ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባት አቆመች። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው የኢንተርኔት ካርታ በበኩሉ በጎ ፈቃደኞች የገጠር መንገዶችን እንዲስሉ ዕድል ሰጠ። ሞተረኛው ዛሬ ከእነዚህ የመንገዱን መስመር፣ ዳገቱንና ርቀቱን ያገኛል። ጂፒኤስ ግን የሚጠቀመው በአዲንዳን ሳይሆን በዓለም አቀፉ ልኬት ነው። ከድሮው ካርታ የተወሰደ ነጥብ ሳይቀየር ቢገባ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ በገደል አፋፍ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ወቅቱ ይወስናል። የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው በክረምት የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ፤ በበጋ በሞተር የሚታለፈው አፈር ነሐሴ ላይ ጭቃ ሆኖ አይታለፍም። ስለዚህ ጥሩ ዕቅድ የሚሠራው የሳተላይቱን መስመር በአካባቢው ገበሬ እውቀት በማረጋገጥ ነው።