ሁለት ጊዜ አዲስ አበባን የመረጠው ሰው

ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ለውስጥ ለሚሄድ ሰው ሶማሊኛው ከአማርኛው እኩል ይሰማዋል። ሩዝና የግመል ወተት የሚቀርብበት ምግብ ቤት፣ ከጎኑ የሐዋላ ቢሮ፣ ከፎቁ ላይ ለሳምንት ወይም ለወራት ቤት የተከራዩ እንግዶች። ሰፈሩን ከሞቃዲሾ ጋር አያይዞ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን እዚህ ከሚኖሩትና ከሚያልፉት ሶማሌዎች መካከል ከሐርጌሳ፣ ከቡራኦና ከበርበራ የመጡም አሉ። የእነሱ ምድር ሶማሊላንድ በራሱ ባንዲራ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ምርጫ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲኖር፣ ዓለም እንደ አገር እንዲቆጥረው ሲማጠን ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከማንም በላይ በሩን ሲያንኳኳ የኖረው የአዲስ አበባን ነው። ለዚህ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀስ የለም፤ ሙሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል።

ኢጋል ወደ አዲስ አበባ የመጣበት ዘመን ለወዳጅነት የሚመች አልነበረም። እንግሊዝ በ1889 ዓ.ም ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል መሠረት በ1947 ሐውድ የሚባለውን ሰፊ የግጦሽ ምድር ለኢትዮጵያ ስትመልስ፣ የሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮች እጅግ አዝነው ነበር። ከብቶቻቸው በዝናብ ወራት የሚሰማሩት እዚያ ነበርና። የሶማሊላንድ የነፃነት ትግል የተፋፋመውም በዚያ ቁጭት ነው። ሰኔ 19 ቀን 1952 ሶማሊላንድ ከእንግሊዝ ነፃ ወጣች፤ መሪዋም ኢጋል ነበር። በአምስተኛው ቀን ጣሊያን ታስተዳድረው ከነበረው ደቡብ ጋር ተዋሐደች። አዲሲቱ ሶማሊያ በባንዲራዋ ላይ ካሰፈረቻቸው አምስት የኮከብ ጫፎች አንዱ ኦጋዴንን የሚያመለክት ስለነበር፣ በ1956 የሁለቱ አገሮች ጦር ድንበር ላይ ተታኮሰ። ኢትዮጵያም በድንበሩ አካባቢ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች።

ኢጋል የሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1960 መባቻ ኪንሻሳ በተደረገው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ከኢትዮጵያ ጋር መነጋገር ጀመረ። በዓመቱ ሁለቱ መንግሥታት የአየርና የቴሌኮሙኒኬሽን ግንኙነት ለመጀመር ተስማሙ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ተነሣ። ስምምነቱ የቃላት ጌጥ ብቻ አልነበረም። አርብቶ አደሩ ወደ ሐውድ ግጦሹ ተመለሰ፤ በኢትዮጵያ ምድር ላይ አቋርጦ ሞቃዲሾን ከሐርጌሳ የሚያገናኘው መንገድም ተከፈተ። ለሰሜኑ ሰው ይህ መንገድ ምን እንደነበረ የሚገባን ካርታውን ስናይ ነው። ከዋና ከተማው ወደ ቤቱ የሚወስደው አቋራጭ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነበር።

ሞቃዲሾ ላይ ኢጋል "መሬታችንን ሸጠ" ተብሎ ተወገዘ። በጥቅምት 1962 ሲያድ ባሬ ሥልጣን ሲይዝ ኢጋል ታሰረ፤ ጥቂት ጊዜ ተፈቶ በሕንድ አምባሳደር ከሆነ በኋላ ዳግም ታስሮ ብዙ ዓመታት በእስር ቆየ። ከጎረቤት ጋር የመታረቅን ዋጋ በነፃነቱ የከፈለ ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1969 እና 70 የኦጋዴን ጦርነት መጣ፤ ጅግጅጋ ተይዛ ተለቀቀች፤ የሁለቱ ሕዝቦች ቁስል ጠለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሚገርም ነው። ሲያድ ባሬን ለመጣል በ1973 ለንደን ላይ የተመሠረተው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ አብዛኛው ታጋዩ የሰሜን ሰው ሲሆን፣ በዓመቱ ጦር ሰፈሩን በኢትዮጵያ አደረገ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1980፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተፈራረሙ። ንቅናቄው ማረፊያ አጣ። አማራጭ ሲያጣ በዚያው ግንቦት ቡራኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። ሲያድ ባሬ ሐርጌሳን ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሡ አውሮፕላኖች አስደበደባት። ዛሬ በከተማዋ መሀል በመታሰቢያነት የቆመው ሚግ የዚያ ዘመን ነው።

ሕዝቡ ወዴት ሸሸ? ታጋይ ልጆቹን ማረፊያ ወደነፈገችው ወደ ኢትዮጵያ። አሥር ሺዎች፣ ከዚያም መቶ ሺዎች በእግር ድንበር ተሻግረው በጅግጅጋ አካባቢ ሰፈሩ። ሐርትሼክ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ የተተከለ ጣቢያ ነበርና ውሃው በቦቴ እየተመላለሰ ነበር የሚቀርበው። እነዚያ ሰዎች ግን ተቀምጠው እርዳታ አልጠበቁም። ሐርትሼክ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት፣ ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ገበያ ሆነ። ከቡራኦ የተሰደደው ነጋዴ ሙሐመድ ሰይድ ዱዋሌ የዳሀብሺልን የገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ ከኢትዮጵያ ሆኖ ቀጠለ፤ በባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የላከው ገንዘብ በጣቢያው ላለች እናት ይደርስ ዘንድ። ዛሬ በቦሌ ሚካኤል የምናየው ሐዋላ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ሐርትሼክ በ1996 እስኪዘጋ ድረስ፣ አንድ ትውልድ ኢትዮጵያን የተማረው በእንጀራዋና በገበያዋ ነው።

ሶማሊላንድ ቡራኦ ላይ መለየቷን ያወጀችው ግንቦት 10 ቀን 1983 ነው። በአሥረኛው ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ኢሕአዴግ ገባ። ሁለቱም አዲስ መንግሥታት ከትጥቅ ትግል የወጡ ነበሩ። በ1985 ቦረማ ላይ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ኢጋልን ፕሬዝዳንት አድርገው ሲመርጡት፣ ከ25 ዓመት በፊት ያነጋገራትን አዲስ አበባን ዳግም መረጠ። ዘዴውም ግልጽ ነበር፤ እውቅናን ከመለመን ይልቅ ጠቃሚ ጎረቤት መሆን። ኢትዮጵያ በ1990 ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የአሰብን ወደብ መጠቀም ካቆመች በኋላ የበርበራ ወደብ ዋጋ ከፍ አለ። በሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሶማሊላንድ ቢሮ ተከፈተ። ብዙ አገሮች የማይቀበሉት የሶማሊላንድ ፓስፖርት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀባይነት አገኘ። ድንበሩም የኢትዮጵያ ተቃዋሚ ታጣቂዎች መሸጋገሪያ እንዳይሆን ሐርጌሳ ጠበቀች። ይህ ጥበቃ ጨለማ ጎንም ነበረው፤ ጥገኝነት የጠየቁ ኢትዮጵያውያን እየተያዙ የተመለሱበት ጊዜ አለ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በግልጽ ነቅፈውታል። ሐርጌሳ ወዳጅነቱ በምስኪኖች ላይ እንዲጸና መፍቀድ አልነበረባትም።

ጠላትም የዚህን ወዳጅነት ዋጋ ያውቅ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2001 ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከፈነዱት ቦምቦች አንዱ የኢትዮጵያን ጽሕፈት ቤት ነበር የመታው።

ጠቃሚ ጎረቤት መሆን ግን ብቻውን እውቅናን አያስገኝም። በኢራቅ ኩርዲስታን ያሉትም ራሳቸውን ማስተዳደር የጀመሩት ሶማሊላንድ መለየቷን ባወጀችበት ዘመን አካባቢ ነበር። ዋና ከተማቸው ኤርቢልም የአረብ ጎረቤቶቿን ልብ በቆንስላ፣ በንግድና ከጦርነት የሸሹ አረቦችን በማስጠለል ስትገዛ ቆየች። መስከረም 15 ቀን 2010 ግን የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች። ባግዳድ፣ ቱርክና ኢራን አንድ ላይ ተነሡ፤ አወዛጋቢዋ የኪርኩክ ከተማም ከእጇ ወጣች።

በየካቲት 2010 ኢትዮጵያ ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድና ከሶማሊላንድ ጋር ሆና የበርበራ ወደብን 19 በመቶ ድርሻ ያዘች፤ ድርሻውን ግን መጨረሻ ላይ አጣችው። ከዚያም ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዝዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። የሶማሊላንድ ወገን እንዳለው በ50 ዓመት ሊዝ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለኢትዮጵያ፣ እውቅና ለሐርጌሳ ይሆናል። ሞቃዲሾ ተቆጣች፣ ግብፅ ከሶማሊያ ጎን ቆመች። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ የሶማሊያን ሉዓላዊነት የሚያከብር መግለጫ ተፈራረሙ፤ ሐርጌሳ ግን እዚያ አልተወከለችም። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ የሶማሊላንድ መራጭ ሙሴ ቢሂን አውርዶ አብዲራህማን ሙሐመድ አብዱላሂን፣ ኢሮን፣ መርጧል።

እኔ ኢጋል በጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ዘመን ያደረገውን ስምምነት ከ2016ቱ የመግባቢያ ሰነድ አስበልጣለሁ። ቃል የገባው አየር መንገድ፣ ስልክና ግጦሽ ነበር፤ ሁሉም በሰው ሕይወት ውስጥ የሚታይና የሚዳሰስ። ኢጋል በሚያዝያ 1994 በፕሪቶሪያ ሲያርፍ ፕሬዝዳንት ሆኖ ሲጠብቀው የነበረው እውቅና አልመጣለትም። ከኢትዮጵያ ጋር የከፈተው በር ግን ዛሬም ክፍት ነው፤ በቶጎ ውጫሌ የጭነት መኪናው ያልፋል፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ የሚመጣው ጫት በየቀኑ ሐርጌሳ ይደርሳል፣ የበርበራ ሸቀጥም ወደ ጅግጅጋ ይገባል።