ስሟ ያልተጻፈላት ድምፅ



በየመዘምራን ኅብረታችን ማይክሮፎን ይዞ ፊት የሚቆም አለ፤ ከኋላ ሆኖ የሚቀበልም አለ። ካሴቱ ሲወጣ የፊተኛው ፎቶግራፍ ሽፋኑ ላይ ይታያል፤ የተቀባዮቹን ስም ግን ፈልጎ የሚያነብ ጥቂት ነው። እነርሱን እያሰብን ዛሬ የአንዲት አሜሪካዊት ድምፃዊት ታሪክ እናነሣለን። አብዛኛው ሥራዋ ዓለማዊ ዘፈን እንደ ሆነ አንሸሽግም። ታሪኳ ግን ለእኛም የሚናገረው አለው።

ዳርሊን ላቭ እ.ኤ.አ. በ1941 በሎስ አንጀለስ አካባቢ ተወለደች። የትውልድ ስሟ ዳርሊን ራይት ነው። አባቷ የጴንጤቆስጤ አገልጋይ ስለ ነበሩ መዝሙር የለመደችው በቤተ ክርስቲያን ነው። ገና ተማሪ ሳለች «ብሎሰምስ» ከሚባል የሴቶች ቡድን ጋር ተቀላቀለች። ቡድኑ በስቱዲዮ ሌሎች ዘፋኞችን እያጀበ፣ ለሠራበት ሰዓት እየተከፈለው ይኖር ነበር።

በ1962 ፊል ስፔክተር የተባለ ፕሮዲውሰር «ሂስ ኤ ሬበል» የተሰኘውን ዘፈን በድምፅዋ ቀረጸ። ሸክላው ሲወጣ ግን የተጻፈበት «ክሪስታልስ» የሚል የሌላ ቡድን ስም ነበር። ክሪስታልሶች በቀረጻው ላይ ፈጽሞ አልነበሩም። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ሕዝቡ ድምፅዋን ወደደ፤ ባለቤቷን ግን አላወቃትም። ተከታዩ ዘፈን በስሟ እንደሚወጣ ተነግሯት ሳለ እርሱም በክሪስታልስ ስም ወጣ። በራሷ ስም የዘፈነችው የገና ዘፈን ያለበት አልበም ደግሞ ለሽያጭ የቀረበው ኅዳር 22 ቀን 1963 ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ዕለት። በሐዘን ላይ ያለ ሕዝብ አልበሙን አላስተዋለውም።

በ1968 ኤልቪስ ፕሬስሊ ወደ መድረክ በተመለሰበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ካጀቡት መካከል ብሎሰምሶች ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ከእርሱ ጋር የልጅነቷን የወንጌል መዝሙሮች ይዘምሩ እንደ ነበር ተናግራለች። ኋላ ግን ሥራው ነጠፈ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኑሮዋን ለመደጎም በቤቨርሊ ሂልስ የሰው ቤት ታጸዳ ጀመር። እርሷ እንደምትመሰክረው፣ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ስታጸዳ ያ የገና ዘፈኗ በሬዲዮ ተሰማ። ቦታዬ ይህ አይደለም ብላ ወደ ሙያዋ ለመመለስ ቆረጠች።

መንገዱ ረጅም ነበር። ከ1986 ጀምሮ እስከ 2014 በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ያንኑ የገና ዘፈን አቀረበች። በ1990ዎቹ ስፔክተርን ከስሳ ያልተከፈላት ገንዘብ እንዲከፈላት ተፈረደላት። በ2011 በሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ስሟ ሰፈረ። በ2013 ስለ አጃቢ ድምፃውያን የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በተከታዩ ዓመት ኦስካር ሲሸለም ከሸላሚዎቹ ፊት ቆመች። ዕድሜዋ 72 ነበር። በዚያ መድረክ ላይ የዘፈነችው ታዋቂ ያደረጋትን ዘፈን አልነበረም፤ ጌታ ድንቢጥን እንኳ እንደሚያይ የሚናገረውን የቆየ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነበር እንጂ። በአዳራሹ የነበሩት ቆመው አጨበጨቡ።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። «እግዚአብሔርን የጠበቀ በመጨረሻ መድረክ ላይ ይወጣል» ብለን ብንሰብክ ቃሉን እናዛባለን። ከእርሷ ጋር ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎች ስማቸው ሳይነሣ አልፈዋል። በማቴዎስ 10፥29-31 ጌታ የተናገረው ስለምትወድቅ ድንቢጥ ነው፤ አባት የሚያውቃት በምትወድቅበትም ሰዓት ነው። ስለዚህ ኦስካር ላይ ያያት አምላክ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካ ስታጸዳም ያያት ነበር። ያኔ ያነሰ አላያትም።

ሁለተኛው ነገር እኛን ይወቅሰናል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥4 የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል። ዳርሊን መብቷን መጠየቋ እምነት ማጣት አልነበረም። እኛ አገልጋዮች ግን «ለጌታ ነው» በምትል ቃል ስንቱን ድካም ያለ ክፍያና ያለ ምስጋና ወስደናል! ፒያኖ የሚመታውን፣ ድምፅ የሚያስተካክለውን፣ ከኋላ ሆና የምትቀበለውን እኅት ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ስንት ዓመት አለፈ?

በመጪው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ አንዱ ቀርበን ስሙን እንጠይቅ፤ ያለብን ዕዳ ካለም እንክፈል።

ጌታ ይባርካችሁ።