ስለ አጭር ጽሕፈት፤ ከመቅደላ ደብዳቤ እስከ ዛሬው ገጽ

በጥቂት ቃል ለብዙ ሰው መናገር የዛሬ ዘመን ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ዛሬ በፌስቡክና በቴሌግራም የምናየው አጭር ጽሑፍ ከመምጣቱ አስቀድሞ አባቶቻችን በደብዳቤና በዐዋጅ አሳጥረው ይጽፉ ነበር። የተለመደው አነጋገርና የራስ አሳብ በአንድ ወረቀት ላይ እንደምን እንደሚስማሙ ከእነርሱ መማር እንችላለን። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ሁለቱ ታላላቅ ምሳሌዎች የሚገኙት በዚሁ በወሎ ምድር ነው።

የአማርኛ ደብዳቤ ሥርዐት አለው። «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ የተቀባዩን ጤና ይጠይቃል፤ የላኪውንም ደኅንነት ከምስጋና ጋራ ይናገራል። ጉዳዩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት በነበረበት ጊዜ ይህ ሥርዐት ታላቅ ጥቅም ነበረው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የባለጉዳዩን ንግግር ሰምቶ በሚያውቀው መልክ ያሰፍርለት ነበር። ጉዳቱ ግን የባልቴቲቱም የነጋዴውም እሮሮ በአንድ ዐይነት ቃል ሲጻፍ፥ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ጸሐፊው እንጂ ተበዳዩ አለመሆኑ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ያስጻፉት ደብዳቤ ሥርዐቱን የጠበቀ ነበር፤ በሥላሴ ስም ይጀምራል፥ ሰላምታም ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ግን ፈጣሪ ከትቢያ አንሥቶ ኀይል እንደ ሰጣቸው፥ ቱርኮችም የአባቶቻቸውን አገር ልቀቁ ቢባሉ እምቢ እንዳሉ የሚናገሩት በገዛ አንደበታቸው ነው። ደብዳቤው በለንደን በጊዜው መልስ ሳይሰጠው ቆየ። ከዚህ የተነሣ ቆንሲሉ ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ ነገሩም እየከረረ ሄዶ የጄኔራል ናፒየርን ጦር እስከ መቅደላ አመጣ።

በስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የንጉሡ ጦር በአሮጌ ላይ ድል ሆነ። በማግሥቱ ናፒየር እጅዎን ቢሰጡ በክብር ይያዛሉ ሲል ጻፈላቸው። እርሳቸውም መልሱን ሲያስጽፉ እንደ ወትሮው በሥላሴ ስም ጀመሩ፤ ራሳቸውን ግን በንግሥና ስማቸው መጥራትን ትተው «ካሳ» አሉ። ግብር ስለ ጣሉበትና በወታደር ሥርዐት ሊያስገቡት ስለ ፈለጉ ሕዝባቸው እንደ ጠላቸው፥ ያሸነፋቸውም በሥርዐት የተያዘ ሕዝብ መሆኑን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ገደሉ። ከልማዱ ያመኑበትን ያዙ፤ በዚያች ሰዓት ሊናገሩት ያልቻሉትን ተዉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት ዐዋጅ ነው። የሸዋ ሠራዊት እንዲሰበሰብ የታዘዘው ከደጎሎ በማይርቀው በወረኢሉ ነበር። ዐዋጁ ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገር ስለሆነ ማጠር ነበረበት። ቢሆንም ንጉሡ በማዕረጋቸው ብቻ አላዘዙም። ጠላት ባሕር ተሻግሮ ሲገባ እስከዚያ ቀን ዝም ያሉት ስለ ከብቱ ማለቅና ስለ ሰዉ ድካም መሆኑን ገለጹ። ከብቱ ያለቀበት፥ ክፉ ቀን ያሳለፈ ገበሬ ይህን በሰማ ጊዜ የሚናገሩለት የገዛ ኑሮውን መሆኑን ዐወቀ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፥ የሌለው በጸሎቱ እንዲረዳቸው ለመኑ፤ የሚቀረውን ግን እንደማይምሩት አስጠነቀቁ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የተገኘው ድል በዐዋጅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ዐዋጁ ግን ታምኖ ነበር።

እኛስ ዛሬ እንደምን እንጽፋለን? የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለን የዐውደ ዓመት መልካም ምኞት በገጹ ላይ እንድናወጣ ታዘዝን። የዐምናውን ቃል በቃል ገልብጠን ብናወጣው የዐምናው ዓመተ ምሕረት ሳይታረም ቀረ። ሕዝቡ ሣቀ፤ እኛም አፈርን። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የማዳበሪያ ማከፋፈያው ቀን መለወጡን በዚያው ገጽ ብናስታውቅ ያነበበው ጥቂት ሆነ፤ ብዙ ገበሬም በቀድሞው ቀን አህያውን እየነዳ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ቃላችን ባዶ መሆኑን ያስተማርነው እኛው ስለሆንን ልንወቅሰው አልቻልንም።

እንግዲህ ልማድን ሁሉ እንጣል ማለታችን አይደለም። አልቃሽ ዜማው አስቀድሞ በእጇ ነው፤ የምታወጣው ቃል ግን የሟቹን ስምና ሥራ የሚያነሣ ስለሆነ ዕንባ ያመጣል። እንዲሁ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ብለን ስንጽፍ ሟቹ ያደረገውን አንድ በጎ ነገር እንጨምር። ማስታወቂያም ስናወጣ የሆነውን፥ የሚሆንበትን ቀንና ምክንያቱን በግልጥ እንናገር። አስተማሪዎችም ለተማሪዎቻቸው የደብዳቤን መልክ ሲያሳዩ፥ ከሰላምታው በኋላ ያለው ስፍራ የጸሐፊው ብቻ መሆኑን ቢያስረዱ መልካም ነው። የተለመደው ቃል ደጅ ነው፤ እንግዳ ግን በደጅ ቆሞ አይመለስም፥ ወደ ቤትም ሊገባ ይገባዋል።