ከዜናው በፊት የሚመጣው ዘፈን

ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» የተባለውን ፊልሙን ቀርጾ እንደጨረሰ፣ ሙዚቃው ገና ሳይገባበት ለአንዲት የፊልም ኩባንያ ኃላፊ አሳያት። ሴትየዋ ምንም አልፈራችም። ከዚያ ሰውየው ራሱ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ተቀመጠና፣ በልጅነቱ አባቱ ያስተማረውን አምስት በአራት ምት ይዞ በሦስት ቀን ሙዚቃውን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ምስሉ ያው ነው፣ ቢላዋውም ያው ነው። የተጨመረው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ እኔን በቀጥታ ይመለከተኛል። ቀን ቀን ለሰው መሥሪያ ቤት ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እዚሁ አዳማ ትንሽ የስልክ ጌም እየሠራን ነው። ጨዋታው የሚካሄደው አንድ ባዶ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ባለቤቶቹ የት እንደገቡ የማይታወቅ ቤት። ስዕሉ የጓደኛዬ ነው፣ ድምፁ የእኔ።

አሜሪካኖቹ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ዕቃ አላቸው። ገና በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዲዝኒ መንፈስ ያለበትን ቤት ድምፆች በሸክላ አሳትሞ ነበር፤ የሚንሲጠጥ በር፣ የሚጎተት ሰንሰለት፣ ነጎድጓድ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሚድናይት ሲንዲኬት የሚባል ቡድን በጥቅምት መጨረሻ ሰው ከፍሎ እየገባ ለሚደነግጥባቸው ቤቶች የሚሆን ሙዚቃ አልበም በአልበም ያወጣል። ኦርጋን፣ ደወል፣ ከሩቅ የሚያንጎራጉሩ ሴቶች። በነፃ የሚወርደውን እንዲህ ያለ ድምፅ ሁሉ አወረድኩና ቤት ውስጥ አስደመጥኩ።

እናቴ ኦርጋኑን ሰምታ «የፈረንጆች ቅዳሴ ነው እንዴ?» አለች። የጎረቤት ልጆች በሰንሰለቱ ሳቁ። የጅብ ድምፅ ብጨምርስ ብዬ ሞከርኩ። እሱም አልሠራም። ናዝሬት ጫፍ ላይ ላደገ ሰው ጅብ ማለት መሽቷል ማለት ነው፣ ከዚያ የዘለለ ወሬ የለውም።

እናቴ ግን ሳታውቀው ልክ ነበረች። የፈረንጅ አስፈሪ ሙዚቃ ብዙው ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1931 «ዶክተር ጄክልና ሚስተር ሃይድ»ን ሲያሳይ በመክፈቻው ላይ ያስገባው የባኽን የኦርጋን ሥራ ነው። «ዲየስ ኢሬ» የሚባለው የፍርድ ቀን ዜማ በካቶሊኮች ዘንድ ለሙታን በሚደረግ ቅዳሴ ይዜም ነበር፤ በርሊዮዝ በ1830 በሲምፎኒው ውስጥ ጠንቋዮችን አስጨፈረበት፣ በ1980 ደግሞ «ዘ ሻይኒንግ» በዚያው ዜማ ተከፈተ። ለብዙ መቶ ዓመታት አስከሬን ፊት የተዜመ ነገር በኋላ ሆቴል ቢያሳዩህም፣ ተራራ ቢያሳዩህም ያስፈራሃል። እኛ ግን ሬሳችንን በኦርጋን ሸኝተን አናውቅም። በሙያዬ ቋንቋ ልናገርና፣ ድምፁ ጠቋሚ ነው፤ የሚያመለክተው አድራሻ ላይ ምንም ካልተቀመጠ ባዶ ይመልስልሃል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አንዳንድ ድምፅ ግን በተፈጥሮው ያስፈራል» ሊለኝ ይችላል። ድንገተኛ ጩኸትን በተመለከተ እውነት አለው፤ በርናርድ ኸርማን በ1960 ለ«ሳይኮ» የጻፈው የቫዮሊን ሲጥታ የትም አገር ያስደነግጣል። (ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው። ኸርማን ዝም ብሎ ጻፈው።) ግን መደንገጥና መፍራት አንድ አይደሉም። ድንጋጤ በጆሮ በኩል ገብቶ ይወጣል፣ ፍርሃት ግን ያድራል።

ደግሞ አንቺሆዬን ተመልከቱ። በፈረንጆቹ ሙዚቃ ከሁሉም ድምፅ ሰይጣን የሚል ስም የተሰጠው የስድስት ግማሽ ድምፅ ርቀት ነው፤ ሁለቱ ድምፆች አብረው ሲመቱ ይጋጫሉ፣ አያርፉም። ቤተ ክርስቲያን በሕግ አግዳው ነበር የሚለው ወሬ ተረት ነው፣ ስሙ ግን አለ። ብላክ ሳባት የተባለው ባንድ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተው በዚሁ ርቀት ነው። ይኸው ርቀት አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከሲ ጀምራችሁ ብትቃኙ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል፤ ከሲ እስከ ጂ ፍላት ስድስት ግማሽ ድምፅ። እኛ በዚህ ምን እናደርጋለን? ሙሽራ እንሸኛለን። ስሙ ራሱ «አንቺ ሆዬ» ነው፣ ሴት ልጅን መጥራት! ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙን የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲያለብሰው የውጭ ተመልካች ምሥጢር ምሥጢር ሸተተው። እኛ ቤት ያ ዜማ የእሁድ ከሰዓት ነው።

በገናም እንደዚያው ነው። አሥሩ ጅማቶች ድልድዩ ላይ ባለችው ቁራጭ ቆዳ እየተነካኩ የሚሰጡት እንደ ንብ ያለ ዝዝታ፣ ለማያውቀው ሰው ከመቃብር የሚመጣ ይመስላል። ለሚያውቀው ዐቢይ ጾም ነው፤ ሹሮ፣ ጸጥታ፣ የአያት ነጠላ።

ታዲያ መንፈስ ያለበት ቤት እኛ ዘንድ ሙዚቃ የለውም ወይ? አለው እንጂ። ዛር ያለበት ቤት ከበሮ አለው፣ ጭብጨባ አለው፣ ቡና አለው። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጋር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ይህን ሲመዘግብ፣ በጣም የሳበው ቲያትርነቱ ነበር፤ በ1958 ያሳተመውም መጽሐፍ በዚሁ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ፉከራ አለው። ሲመጣ በፉከራው ይታወቃል፣ ጀግና ጦር ሜዳ ላይ ራሱን እንደሚያስተዋውቀው። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ አርሲ ውስጥ ፋራቀሳ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ያረፉት ሲቲ ሞሚና የተቀበሩበት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ የሚሄድበት። ከአዳማም የሚሄድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል፣ አይወራም። እነዚህ ቦታዎች ላይ ሙዚቃው ሰውን ለማስፈራት አይመታም። እንግዳ መቀበያ ነው፤ መንፈሱን ይጠራል፣ ያስጨፍራል፣ ያስታርቃል። አሜሪካዊው ቤት ውስጥ ሙዚቃው «ሽሽ» ይላል፣ የእኛው «ቤት ለእንግዳ» ይላል። ለጌም ግን ይሄም አልሆነልኝም።

ቀጥሎ ያገኘሁት የተሻለ ነበር፤ የእድር ጡሩምባ። ንጋት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ አንድ ሰው በየሰፈሩ እየዞረ ይነፋል፤ ከዚያ ያቆምና የሟቹን ስም ይጠራል። በጡሩምባውና በስሙ መካከል ያለችው ሦስት አራት ሰከንድ! ማንም ካርፔንተር አይደርስባትም። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ አልጋህ ላይ ሆነህ የምታውቃቸውን በሽተኞች በሙሉ ትቆጥራለህ። አሁን በብዙ ሰፈር ጡሩምባው በድምፅ ማጉያና በስልክ መልእክት እየተተካ ነው፣ እኔ ግን ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ጓደኛዬ ድምፁን ሲሰማ «በቃ ይሄ ነው» አለኝ።

አጎቴ ግን አልተስማማም። ዕድሜው ከስድሳ አልፏል፤ በ1969 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ጡሩምባውን ሰማና «ይሄማ ወግ ያለው ሞት ነው» አለኝ። ከዚያ የሚያስፈራው ሙዚቃ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ዘፈኑን በስሙ ብቻ ነገረኝ፤ «የፍየል ወጠጤ»።

ለማታውቁት፣ «የፍየል ወጠጤ» ሽለላ ነው። ነገሩ ቀላል ተረት ነው፤ ልቡ ያበጠ ወጠጤ ነብርን ለጦርነት ይፈትናል፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሰሚው ያውቀዋል። ሽለላና ፉከራ እኮ ከአድዋ ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ የሚያኮራ ነገር ነው፤ አርበኛው ጠላቱን ያስፈራራበታል፣ ሠርግ ላይ ሽማግሌው ተነስቶ ያሽሟጥጥበታል። ደርግ ያደረገው ይህንን ወስዶ ሬዲዮ ውስጥ ማስገባት ነው። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ወርውረው ሰባበሩ። ቀይ ሽብር በይፋ የወጣው በዚያ ዓመት ነው። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለው ዜና ሲመጣ ያ ሽለላ አብሮት ይመጣ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል።

ሬዲዮ በዚያ ጊዜ ምን እንደነበር ለእኛ ትውልድ ማስረዳት ትንሽ ይከብዳል። ምርጫ አልነበረም። በሉተራኖች ድጋፍ ከአዲስ አበባ ይሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ እንኳ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተብሏል። አንድ ድምፅ ነበር፣ በየቤቱ፣ በየሻይ ቤቱ፣ በባቡር ጣቢያው። ከሞጆም ከዝዋይም ከናዝሬትም የተሰማው ያው ነበር፣ በአንድ ሰዓት።

ከሙዚቃ አንጻር ስታዩት ሽለላው ውስጥ የሚያስፈራ ምንም የለም። የሚጋጭ ድምፅ የለውም፣ አያቃስትም፣ አይንሾካሾክም። ወንዶች ደረታቸውን ነፍተው የሚሉት ሞቅ ያለ ነገር ነው። አሁን በየሠርጉና በየስታዲየሙ ሲዘፈን የእኔ እኩዮች እየዘለሉ ይጨፍራሉ። እንደዚያ የጨፈሩትን አልወቅስም፤ እኔም አንዱ ነኝ፤ ለእኛ አድራሻው ላይ ሌላ ነገር ነው የተቀመጠው። አጎቴ ግን ሠርግ ላይ ያ ዘፈን ሲነሳ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ለዓመታት ሲጋራ ሊያጨስ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ሲጋራ አያጨስም።

ጓደኛዬ ዘፈኑን ጌሙ ውስጥ እናስገባው ይላል፤ የባዶው ቤት ባለቤቶች የት እንደገቡ በአንድ ድምፅ ይነገራል፣ ማብራሪያም አያስፈልግም ባይ ነው። ክርክሩ ጥሩ ነው። እኔ የማልስማማው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሃያ ዓመት ልጅ አይሠራም፣ ይጨፍርበታል። ሁለተኛ፣ ለሚሠራለት ሰው ደግሞ ጨዋታ አይደለም።

ስለ ዝምታውም ያልሰማሁትን ነገረኝ አጎቴ። በቀይ ሽብር ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ ማልቀስ ይከለከል ነበር፤ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ። እስቲ አስቡት። ሰው ሲሞት ከጡሩምባው በፊት እንኳ የሚሰማው የእናት ጩኸት በሆነበት ሰፈር፣ ያ ጩኸት የለም። ድንኳን የለም፣ ሙሾ የለም፣ እድር አይጠራም። ሬዲዮው ይፎክራል፣ ጎረቤት ቤት ደግሞ በሩ ተዘግቶ እናት ጨርቅ ነክሳ ታለቅሳለች። አጎቴ የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት እንደዚያ ሆነው ስንት ቀን እንደቆዩ ነገረኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

«ታዲያ ለምን ሬዲዮኑን አትዘጉትም ነበር?» አልኩት። ዘፈኑ ሲጀምር አዝራሩን ማዞር ነው፣ ምን ይከብዳል?

«እንዴት እንዘጋዋለን?» አለኝ። «ከዘፈኑ በኋላ እኮ ስም ይጠራል።»