የማህፀን ግድግዳ ካንሰር፦ ከሁለት ዓይነት ወደ አራት

በማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚነሳው ካንሰር በቫይረስ ሰበብ ከሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። ግድግዳውን ኢስትሮጅን ያወፍረዋል፣ ፕሮጄስትሮን እድገቱን ይገታል። ገቺው ሲጠፋ ሴሎቹ ልክ አጥተው ይባዛሉ። ካረጡ በኋላም የሰውነት ስብ ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣውን ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ስለሚለውጥ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ዋነኛ አጋላጭ ነው።

ይህን ግንኙነት ለሕዝብ ያጋለጠው የአሜሪካ የመድኃኒት ገበያ ነው። በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ላረጡ ሴቶች ኢስትሮጅንን ለብቻው ማዘዝ ተስፋፋ፤ ከታወቁት ክኒኖች አንዱ የሚሠራው ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ነበር። የማህፀን ሐኪሙ ሮበርት ዊልሰን በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ማረጥን እንደ በሽታ፣ ሆርሞኑን እንደ ፈውስ አቀረበ። በታኅሣሥ 1975 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጡ ሁለት ጥናቶች ግን ተጠቃሚዎቹ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.5 እና 7.6 እጥፍ መሆኑን አሳዩ። ትእዛዙ ቀነሰ፤ ማህፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት መጨመርም ደንብ ሆነ።

ሆኖም ቀጭንና የሆርሞን መዛባት የማይታይባቸው ሴቶችም ይታመሙ ነበር፤ እንዲያውም የነሱ የከፋ ነበር። የሌኒንግራዱ ሐኪም ያኮቭ ቦክማን በ1983 የ366 ሕሙማንን ታሪክ መርምሮ በሽታውን ለሁለት ከፈለ። ከመቶ 65 ያህሉ ኢስትሮጅን የበዛባቸው ሲሆኑ ዕጢያቸው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ የቀሩትን ከሆርሞን ውጭ የሚነሳና በፍጥነት የሚዛመት ዓይነት ይዟቸዋል። ቦክማን ዘረመል ሳይነካ፣ ሴቶቹን ራሳቸውን በማየት ወደ እውነቱ መቅረቡ ያስደንቃል። በኋላ የመጡ ምርምሮች በመጀመሪያው ዓይነት የፒቴን ዘረመል መበላሸቱን፣ በሁለተኛው የፒ53 መናጋቱን በማግኘት ሐሳቡን ደገፉ።

የሁለቱ ዓይነት ክፍፍል ግን በቂ ሆኖ አልተገኘም። በ2013 አንድ የአሜሪካ የምርምር ጥምረት 373 ዕጢዎችን መርምሮ አራት ቡድኖች አገኘ። በመጀመሪያው ቡድን፣ ዲኤንኤ ሲገለበጥ ስህተትን የሚያርመው የፖል ኢ ዘረመል የተበላሸባቸው ዕጢዎች የለውጥ ብዛታቸው ያስደነግጣል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም አስፈሪ ናቸው፤ ሕሙማኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ። ሁለተኛው ቡድን ሌላ የዲኤንኤ ማረሚያ ሥርዓት የተጓደለባቸው ዕጢዎች ናቸው። ከነዚህ ጥቂቶቹ በዘር የሚወረሱ ናቸው፤ የዚህ ጥቆማ ቀድሞ ከ1895 ጀምሮ በሚሺጋን ሐኪሙ አልድሬድ ዋርቲን በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ላይ ባደረገው ክትትል ታይቷል። ሦስተኛው ቡድን ከቦክማን የመጀመሪያ ዓይነት ጋር ይቀራረባል። አራተኛው ክሮሞሶማቸው የተመሰቃቀለና ፒ53 የተናጋባቸው ናቸው፤ አደጋው የሚከፋው በዚህ ነው።

በ2023 ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን የዘረመል ውጤቱን በደረጃ አወጣጥ መመሪያው ውስጥ አካተተ፤ በመጀመሪያ ምዕራፍ የተገኘ ፖል ኢ የተበላሸበት ዕጢ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ወደ ማህፀን ጡንቻ የዘለቀ ፒ53 የተናጋበት ግን ከፍ ይላል።