የአዋሽ ጣቢያ እንጀራ

አዋሽ ሰባት ኪሎን የወለዳት ባቡር ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰና ለዓመታት እዚያው ቆመ፤ ገንዘብ አለቀ፣ ኃያላን መንግሥታትም ተሻኮቱበት። የአዋሽን ገደል ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

በቀደመው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ስም የገነነውም በዚህ ነው።

ስለ አዋሽ ሲጻፍ ቡፌው ብቻ መነሣቱ ግን ያሳዝነኛል። የጣቢያው እንጀራ ጭነት ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ጨው፣ ቆርቆሮ፣ ነዳጅ በፉርጎ ይመጣል። ከባዱ ዕቃ ደግሞ ወደ ላይ የሚሄደው ነው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ለሎኮሞቲቩ ትልቁ ፈተና አዋሽን ካለፈ በኋላ ይጠብቀዋል።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰ። ድልድዩ ተጠገነ፤ የአሰብ መንገድና የጭነት መኪና ግን የባቡሩን ገበያ እየተሻሙ መጡ። የሶማሊያ ወረራ መስመሩን ቆረጠው። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአገራችን የባቡር ታሪክ ከዚያ የከፋ ቀን የለም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ 1990 ዓ.ም. ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ፣ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ሲጠብቀው የኖረው ጭነት ተገኘ፤ ሐዲዱና ሎኮሞቲቮቹ ግን አርጅተው ስለነበር አብዛኛውን የጭነት መኪና ወሰደው። መኪኖቹም የሚያልፉት በዚያችው በአዋሽ ከተማ ነው። ዕቃው ከተማዋን አልተዋትም፤ የተወው ጣቢያውን ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዲስ መስመር ጭነት ያመላልሳል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርስ ሌላ ሐዲድም ተዘርግቷል፤ ግን በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል። እሱ ተጠግኖ ሥራ ከጀመረ የወሎ ጭነት ከጅቡቲው መስመር የሚገናኘው አዋሽ ላይ ይሆናል።