የአንገረቧ ጭልፊት

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የአብርሃ ጅራን ቆላ ጭልፊት ላውጋችሁ።

ሰሊጡ ታጭዶ ሂላው፣ ማለትም የነዶው ክምር፣ ከቆመ በኋላ፣ ማሽላው ወተት ሲቋጥር፣ ግሪሳ ይመጣል። አንዷ ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ትለቅማለች። ይህች ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ መቶ ሺህ ሆነው ሲሰፍሩ ግን በቀን 10 ኩንታል ሄደ ማለት ነው። ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ይወነጭፋል፣ ጅራፉን ያጮሃል። ከዚህ ሲያባርሩት እዚያ ያርፋል።

ታዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋው ውኃ ሊጠጣና ሊያድር ወደ አንገረብ ወንዝ ዳር፣ ወደ ሸንበቆውና ወደ ግራሩ ይወርዳል። ጭልፊቷ የምትጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው። ከደረቀ ዛፍ ጫፍ ተቀምጣለች፤ ማጅራቷ የዛገ ብረት ይመስላል፣ ከዓይኗ ሥር ጥቁር መስመር ወርዷል። ላነር የሚባለው ዘር ነው። መንጋው ሲነሣ ትነሣለች። መካከሉ አትገባም፤ ተጠጋግቶ የሚበር መንጋ ዓይን ያምታታል። ዳር ዳሩን እያዋከበች አንዷን ትነጥላለች። ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ ትወረወርና አየር ላይ ትቀልባታለች። ከምንቃሯ ዳር ባለችው ጥርስ መሳይ ሹል አንገቷን ትቀነጥሳለች፤ ላባዋን ነጭታም ትበላታለች።

አሁን ልብ በሉ። ግሪሳው ሲበረታ አውሮፕላን ይጠራል፤ ማደሪያው ላይ ፌንቲዮን የተባለ መርዝ ይረጫል። መርዙ ነርቭ ይይዛል፤ ወዲያው ያልሞተችው ግሪሳ መብረር አቅቷት ስትንፈራገጥ ትቆያለች። ጭልፊቷ ያለ ድካም ታነሣታለች፤ በልታም እሷ ራሷ ትመረዛለች።

ዓለም ይህን መሰል ነገር ከዚህ ቀደም አይቷል። በእንግሊዝ አገር ዴሪክ ራትክሊፍ የተባለ ተመራማሪ የጭልፊት እንቁላል ቅርፊት መሳሳቱን በ1967 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ሰበቡ ዲዲቲ ነበር፤ እናቲቱ ስትታቀፈው እንቁላሉ ይሰበር ነበር። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች፤ ፔሪግሪን የተባለው ጭልፊትም አንሰራርቶ በ1999 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ።

ጭልፊት ብቻዋን ግሪሳን አትጨርስም። የገበሬውም ጉዳት ቀላል አይደለም፤ መርዝ የግድ የሚሆንበት ዓመት ይኖራል። ግን የግሪሳውን ማደሪያ በጊዜ ፈልጎ ማግኘት፣ የደረሰውን ማሽላ ፈጥኖ ማንሣት፣ ከተረጨም በማግስቱ የሞተውን ለቅሞ መቅበር ይቻላል። የወንዙን ዳር ዛፍም አንቁረጥባት። ግሪሳው ሲሄድ እሷ አይጡንና አንበጣውን እያደነች ትከርማለችና፤ ውለታዋ የአንድ ወቅት ብቻ አይደለም።